ድምፅ እንጂ ገንዘብ ያልነበረው እንደራሴ፦ የሳም ጆንሰን የፖለቲካ ሕይወት በቴክሳስ ገጠር

በ1920ዎቹ አጋማሽ ከኦስቲን ወደ ፍሬድሪክስበርግ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሲሠራ፣ አቧራው ውስጥ ቆመው የቀን ሠራተኞችን ከሚያሠሩት አለቆች አንዱ ሳም ጆንሰን የሚባል ሰው ነበር። መንገዱ ወደዚያ አገር እንዲገባ በቴክሳስ ምክር ቤት የተሟገተው እሱ ራሱ ነው። እንደራሴ ሆኖ ባስፈቀደው መንገድ ላይ፣ ከወንበሩ ከወረደ በኋላ ለዕለት እንጀራው ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ እርሻውን ሸጧል፣ ዕዳ አንገቱ ድረስ ደርሶበታል፣ ለዓመታት ጉዳያቸውን ይዞ ሲሟገትላቸው የኖሩት የከተማው ባለሱቆችም ዱቤ ከልክለውታል።

ይህ የጉዳይ ጥናት የእሱን የፖለቲካ ሕይወት ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይከተላል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ልጁን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ከ1963 እስከ 1969 አሜሪካን የመራው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ነው። የአባትየው ታሪክ ግን አብዛኛውን ጊዜ የልጁ ታሪክ መግቢያ ሆኖ በጥቂት ገጾች ያልፋል። እኔ ራሱን ችሎ መታየት አለበት ባይ ነኝ። ምክንያቱም ሐቀኛ፣ ታታሪና በመራጮቹ የተወደደ የገጠር ፖለቲከኛ ለምን ባዶ እጁን እንደሚቀር ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ታሪክ አላጋጠመኝም። ስለ እሱ የጻፉ ሰዎች ውድቀቱን በጠባዩ ያሳብባሉ፤ ትልቅ ያልማል፣ ያለ ልኩ ይበደራል፣ መጠጥ ይወዳል ይላሉ። ይህ ሁሉ እውነትነት አለው። ዋናው ምክንያት ግን ወንበሩ ራሱ የተሠራበት መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

አገሩና ቤቱ

ከኦስቲን ወደ ምዕራብ በ290 መንገድ የነዳችሁ አንባቢዎች አገሩን ታውቁታላችሁ። ከከተማው ወጣ ሲባል ሜዳው ያልቅና የኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች ይጀምራሉ። ፔደርናሌስ የሚባለው ወንዝ በመካከላቸው ያልፋል። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ሲደርሱ ሣሩ ለምለም ስለነበር መሬቱ የሰባ መስሏቸው ነበር። ከሣሩ ሥር ያለው አፈር ግን ስስ ነው። ከብት ሲግጠው፣ ጥጥ ሲዘራበት፣ ጎርፍ ሲያጥበው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ድንጋዩ አፈጠጠ። ዝናቡም አይታመንም፤ ወይ ይጠፋል፣ ወይ በአንድ ሌሊት ወርዶ ያለውን ጠርጎ ይሄዳል። ቤቶቹ የተራራቁ ነበሩ። የጆንሰን ዘመዶች የቆረቆሯት ጆንሰን ሲቲ የምትባለው ከተማ ባቡር ደርሶባት አያውቅም፤ ሳም በኖረበት ዘመን ኤሌክትሪክም ሆነ አስፋልት አልነበራትም።

ሳም በ1877 ቡዳ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ከወንድሙ ጋር ሆኖ ከብት በመንጋ ወደ ካንሳስ እየነዳ ሀብት ያካበተ፣ ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ሀብት ያጣ ሰው ነው። በአገሩ ገበሬው በባቡር ኩባንያዎች፣ በባንኮችና በጥጥ ነጋዴዎች ላይ የነበረው ቁጣ እንደ እሳት የሚንቀለቀልበት ጊዜ ነበር። የገበሬዎች ማኅበር የሚባለው ትልቅ እንቅስቃሴ የተነሣው እዚያው ቴክሳስ ውስጥ፣ ላምፓሳስ ካውንቲ (የግዛቱ አንድ አውራጃ) ነው። ከዚያ እንቅስቃሴ የሕዝባዊ ፓርቲ ተወለደ።

በ1892 የሳም አባት በዚህ ፓርቲ ስም ለቴክሳስ ምክር ቤት ተወዳደረ። ተቃዋሚው የልጁ ባል ክላረንስ ማርቲን ነበር፤ እሱ ለዴሞክራቲክ ፓርቲ ቆሟል። አማትና አማች በአንድ ጋሪ ተሳፍረው ከመንደር መንደር ይሄዳሉ፣ መድረክ ላይ ወጥተው አንዱ የሌላውን ሐሳብ ያብጠለጥላል፣ ሲጨርሱ እንደገና በዚያው ጋሪ ይመለሳሉ። ማርቲን አሸነፈ። ሳም ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር። ፖለቲካን የተማረው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው፤ ክርክሩ የጦፈ ቢሆንም ዝምድናውን አያፈርስም። የአባቱን ፓርቲ ሳይሆን የአባቱን ቁጣ ወረሰ። ሕዝባዊ ፓርቲ ሲፈርስ እሱ ዴሞክራት ሆኖ ያንኑ የገበሬ ጥያቄ ይዞ ቀጠለ።

ትምህርቱን የተማረው በብዙ ልፋት ነው። ቤተሰቡ እንደሚተርከው የመንደሩ ፀጉር አስተካካይ ሲታመም ወንበሩንና መሣሪያውን ከእሱ ገዝቶ፣ ጓደኞቹን እያስተካከለ ተለማምዶ፣ ባገኘው ሳንቲም ትምህርት ቤት ገባ። የመምህርነት ፈተና አልፎ ጥቂት ዓመታት በገጠር ትምህርት ቤቶች አስተማረ። ከዚያ የአባቱን መሬት ተከራይቶ ማረስ ጀመረ፤ የአጥቢያ ዳኛም ሆኖ ተመረጠ።

የመጀመሪያው ዙር

በ1904 ለቴክሳስ የተወካዮች ምክር ቤት ተወዳድሮ አሸነፈ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከእሱ በፊት ወንበሩን የያዘው ጆሴፍ ቤይንስ ነው፤ ሳም በ1907 የቤይንስን ልጅ ሬቤካን አገባ። ሬቤካ በዚያን ጊዜ ለጋዜጣ ትጽፍ ነበር፤ የተዋወቁትም ወጣቱን እንደራሴ ቃለ መጠይቅ ልታደርግለት ሄዳ ነው። በዚያ የምርጫ ወረዳ ወንበሩ በየሁለት ዓመቱ ከአንዱ ካውንቲ ወደ ሌላው የመዞር ልማድ ነበረው፤ አንድ ሰው ሁለት ዙር አይቀመጥም። ሳም በ1906 ልማዱን ጥሶ ዳግመኛ ተወዳደረና ተመረጠ። መራጩ እሱን ለማቆየት ሲል ልማዱን መተዉ ምን ያህል ይወደድ እንደነበር ያሳያል።

የመጀመሪያ ዙሩ ታላቅ ስም ያተረፈለት ሥራ የአላሞ ጉዳይ ነው። በሳን አንቶኒዮ ያለው የአላሞ ቤተ ክርስቲያን በ1836 ቴክሳሶች ከሜክሲኮ ጦር ጋር ተዋግተው ያለቁበት ቦታ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የመንግሥት ቢሆንም አጠገቡ ያለው የቀድሞ ገዳም በነጋዴዎች እጅ ነበር፤ ተሽጦ ሊፈርስም ተቃርቦ ነበር። ግዛቱ በ65,000 ዶላር ገዝቶ እንዲያድነው በ1905 ሕግ ሲወጣ ረቂቁን ይዘው ከቆሙት አንዱ ሳም ነበር። ኩባንያዎች ግብር እንዲከፍሉ፣ የባቡር ሠራተኞች የሥራ ሰዓት እንዲወሰን ከሚደግፉት ጎንም ተሰለፈ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1876 የወጣው የቴክሳስ ሕገ መንግሥት ለእንደራሴ የሚከፈለውን ገንዘብ ራሱ ደንግጎታል። ለመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት በቀን እስከ 5 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ ለሚቀመጥበት ቀን 2 ዶላር። መደበኛ ስብሰባው ደግሞ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ማለት ስብሰባው በ60 ቀን ቢያልቅ አንድ እንደራሴ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚያገኘው 300 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ ኦስቲን የሚያድርበትንና የሚበላበትን ይከፍላል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ እንደራሴው ቶሎ ጨርሶ ወደ እርሻው ይመለስ፣ ፖለቲካን እንጀራ አያድርገው ነው። ሐሳቡ ሲሰሙት ጨዋ ይመስላል። በተግባር ግን ወንበሩን ሦስት ዓይነት ሰው ብቻ ነው ሊይዘው የሚችል፤ ሀብት ያለው፣ ከሚስጥር ኪስ የሚከፈለው፣ ወይም ቀስ በቀስ የሚደኸይ ሰው።

በዚያ ዘመን የባቡሩ፣ የነዳጁ፣ የመድኅን ኩባንያውና የጠመቃው ወኪሎች ኦስቲን ሆቴሎች ውስጥ ቁጭ ብለው እንደራሴዎችን ያበሉና ያጠጡ ነበር። ሳም መጠጥ የሚጠላ ሰው አልነበረም፤ ጨዋታ አዋቂም ነው። የጋበዙትን ያህል ይጋብዛል እንጂ ድምፁን አይሸጥም ነበር፤ ይህን ባልደረቦቹ ከሞተ በኋላም መስክረውለታል። ሕጉ ካስቀመጣቸው ሦስት መንገዶች የቀረው ሦስተኛው ነው። ቀዳዳውን ሊደፍን በጥጥ ገበያ ላይ በወደፊት ዋጋ ተወራርዶ በ1906 ገደማ ያለውን አጣ። በ1908 ሦስተኛ ዙር ሳይወዳደር ወደ ፔደርናሌስ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ሊንደን ተወለደ።

በመካከሉ ያሉት ዓመታት የመሬትና የከብት ንግድ ዓመታት ናቸው። በ1913 ቤተሰቡ ወደ ጆንሰን ሲቲ ገባ። ሳም ቤት ይሸጣል፣ መሬት ይገዛል፣ አንዳንዴ ያተርፋል። ብዙ የምንቆይበት አይደለም።

የጦርነቱ ጊዜ

በ1918 መጀመሪያ ወንበሩ በመጓደሉ በተደረገ ማሟያ ምርጫ ሳም ወደ ምክር ቤት ተመለሰ። አሜሪካ ከጀርመን ጋር ጦርነት ከገባች ዓመት አልሞላትም። የሳም የምርጫ ወረዳ ደግሞ በጀርመን ስደተኞች ልጆች የተሞላ ነበር። የጊለስፒ ካውንቲ ዋና ከተማ ፍሬድሪክስበርግን በ1846 የቆረቆሯት ጀርመኖች ናቸው፤ በ1918ም በቤተ ክርስቲያንና በገበያ የሚሰማው ቋንቋ ጀርመንኛ ነበር። እነዚህ ሰዎች በ1861 ቴክሳስ ከአሜሪካ ኅብረት ልትገነጠል ስትል በከፍተኛ የድምፅ ብልጫ የተቃወሙ ናቸው፤ ከዚያ ጀምሮ ሌላው ቴክሳስ በጥርጣሬ ዓይን ሲያያቸው ኖሯል።

ምክር ቤቱ ስብሰባው ገና እንደተከፈተ የታማኝነት ሕግ የሚባል ረቂቅ ቀረበለት። ጦርነቱን፣ ወታደሩን፣ ባንዲራውን በቃል የነቀፈ ሰው በእስራት እንዲቀጣ የሚያደርግ ነው። በዚያ ወቅት ይህን መቃወም ማለት ራስን ለክህደት ክስ ማጋለጥ ነበር። ሳም ተነሥቶ ተቃወመ። የጀርመን ስም ያላቸው ጎረቤቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ግንባር እየላኩ ባሉበት ሰዓት በሐሜት ሊታሰሩ እንደሆነ አስረዳ። ሕጉ በሰፊ ድምፅ አለፈ። የፍሬድሪክስበርግ ሰዎች ግን አልረሱለትም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገር የምፈልገው አለ። የገጠር ፖለቲከኛ ሲባል ብዙ ጊዜ የመንደሩን ስሜት ተከትሎ የሚነፍስ ሰው አድርገን እናስበዋለን። ሳም በአንድ በኩል የመራጮቹን ጥቅም ነው የጠበቀው፤ ይህ እርግጥ ነው። ነገር ግን ግዛቱ በሙሉ በአንድ ድምፅ በሚጮኽበት ሰዓት ለጥቂቶች መቆም ሒሳብ ተሠርቶ የሚደረግ ነገር አይደለም። ያን ቀን የሚያተርፈው አንድም ነገር አልነበረም።

ከአባቱ ጋር ለምርጫ ቅስቀሳ የዞረባቸውን ቀናት ሊንደን እስከ መጨረሻው ሲያነሣቸው ኖሯል። በሞዴል ቲ ፎርድ መኪና ይወጣሉ። ቤት ውስጥ የተጋገረ ትልቅ ዳቦ ይይዛሉ፤ በየመንገዱ ቆርሰው ማርማላታ ቀብተው ይበላሉ። ሳም እያንዳንዱ ቤት ደጃፍ ላይ መኪናውን ያቆማል። ስለ ከብቱ፣ ስለ ሰብሉ፣ ስለ ታመመው ዘመድ ይጠይቃል፤ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ ይላል፤ ከሩቅ መንደር የሰማውን ወሬ ያደርሳል። ስለ ሕግ የሚያወራው መጨረሻ ላይ ነው። ጋዜጣ በየሳምንቱ እንኳ በማይደርስበት፣ ስልክ በሌለበት፣ በሁለት ቤቶች መካከል የአንድ ሰዓት መንገድ ባለበት አገር፣ እንደራሴው ራሱ ጋዜጣም ፖስታም ነበር።

የቀረው ሥራው የወረቀት ሥራ ነው። የጡረታ መብት እያላቸው ማመልከቻ መጻፍ የማይችሉ የቀድሞ ወታደሮችና ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ወደ እሱ ይመጣሉ። እሱ ይጽፍላቸዋል፣ ኦስቲን ድረስ ሄዶ መዝገብ ያስገለብጣል፣ ቀጠሮ ያስይዛል። ለዚህ የሚከፍለው የለም። ስብሰባ የሌለበት ጊዜም ቢሆን ይህ ሥራ አይቆምም፤ የቀን አበሉ ግን ይቆማል።

ብሉ ስካይና ክላን

በ1917 ሬንጀር፣ በ1918 በርክበርኔት በሚባሉ የቴክሳስ ቦታዎች ብዙ ነዳጅ ሲገኝ ግዛቱን የአክሲዮን ሻጭ ሞላው። ጉድጓድ የሌላቸው ኩባንያዎች ባማረ ወረቀት አክሲዮን ያትማሉ፤ ገበሬው፣ መምህሩና ባሏ የሞተባት ሴት ያጠራቀሙትን አምጥተው ይሰጣሉ፤ ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ቴክሳስ በ1913 ይህን የሚቆጣጠር ሕግ አውጥታ ነበር፤ ግን ጥርስ አልነበረውም። በ1923 ሳም የጠነከረ ሕግ ይዞ ቀረበ። ማንኛውም አክሲዮን ሻጭ ለሕዝብ ከመሸጡ በፊት የኩባንያውን ይዞታ አሳይቶ ከግዛቱ ፈቃድ እንዲያወጣ ያስገድዳል። ሕጉ ጸደቀ፤ በቴክሳስ የሚታወቀውም በስሙ ነው፦ የጆንሰን ብሉ ስካይ ሕግ (ብሉ ስካይ፣ ማለትም «ሰማያዊ ሰማይ»፣ በአሜሪካ የአክሲዮን ሽያጭን የሚቆጣጠሩ ሕጎች የሚጠሩበት ስም ነው)። በምክር ቤት ሕይወቱ ትልቁ ሥራው ይህ ነው ብዬ አስባለሁ። አላሞን ማዳን ሁሉም የሚያጨበጭብለት ነገር ነው። ይህኛው ግን ገንዘብ ካላቸው ሰዎች ጋር ያጋጨዋል፤ የሚጠቅማቸው ሰዎች ደግሞ እንደተጠቀሙ እንኳ አያውቁም፤ ያልተሰረቀ ገንዘብ አይታይምና።

በዚያው ጊዜ የነጭ የበላይነትን የሚሰብከው ምስጢራዊ ድርጅት ኩ ክለክስ ክላን ቴክሳስን እየወረሳት ነበር። በ1922 ክላን የደገፈው ኧርል ሜይፊልድ ለአሜሪካ ሴኔት ተመረጠ። ሳም ክላንን በይፋ ያወግዝ ነበር፤ ልጁ ኋላ እንደተናገረው አባቱን እንደሚገድሉት ዝተውበታል። ከእሱ ጋር በምክር ቤቱ በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጠው ወጣቱ ራይት ፓትማንም ክላንን ከሚዋጉት አንዱ ነበር። ይህ ፓትማን በ1929 ወደ አሜሪካ ኮንግረስ ሄዶ ባንኮችንና ትላልቅ ነጋዴዎችን ሲሞግት ከአርባ ዓመት በላይ ቆየ፤ የሳም ዓይነት ፖለቲካ በእሱ በኩል ዋሽንግተን ደረሰ ማለት ይቻላል።

ምስሉ ሙሉ እንዲሆን ግን አንድ መራራ ነገር መጨመር አለብኝ። ሳምን ይመርጥ የነበረው ሕዝብ ሁሉም ሕዝብ አልነበረም። ቴክሳስ በ1902 ለመምረጥ የነፍስ ወከፍ ግብር መክፈልን ግዴታ አድርጋለች፤ ይህ ጥቁሩን፣ የሜክሲኮ ተወላጁንና ድሃውን ነጭ ገበሬ ከምርጫ ሳጥን ያራቀ ነው። ሴቶች በቅድመ ምርጫ፣ ማለትም ፓርቲ ዕጩውን በሚለይበት ምርጫ፣ መምረጥ የጀመሩት በ1918 ነው። የብሉ ስካይ ሕግ በወጣበት በ1923 ያው ምክር ቤት ጥቁሮች በዴሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ እንዳይሳተፉ የሚከለክል ሕግ አወጣ። በዚያ ግዛት ያኔ ምርጫው የሚወሰነው በዚህ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ስለነበረ፣ ከዚያ መከልከል ማለት ከምርጫ መከልከል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን እስከሻረበት እስከ 1927 ድረስ ሠርቷል። የሳም ዘመን የሕዝብ ፖለቲካ በዚህ አጥር ውስጥ የተካሄደ ነው።

ጥጡ

የወላጆቹ እርሻ በፔደርናሌስ ዳር ነበር። አባቱ በ1915፣ እናቱ በ1917 ሲሞቱ ሳም ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ድርሻቸውን ገዝቶ እርሻውን በአንድ እጅ ሊያደርገው ወሰነ። ጊዜው የጥጥ ዋጋ ሰማይ የነካበት ነበር። ተበደረ። በ1920 መጀመሪያ ቤተሰቡን ይዞ ወደዚያ ገባ፤ ጭሰኛ አስገባ፣ መሣሪያ ገዛ፣ ጥጥ ዘራ።

በዚያው ዓመት ከአጋማሹ በኋላ የጥጥ ዋጋ ወደቀ። ዓመቱ ሳያልቅ ከግማሽ በታች ወረደ። ጦርነቱ አልቆ የአውሮፓ ገበያ ሲጠብ፣ ባንኮችም ብድር ሲያጠብቁ፣ የወደቀው የሳም ጥጥ ብቻ አልነበረም፤ በመላው ደቡብ ገበሬው ወደቀ። ሳም ግን የወደቀው ከሁሉም ከፍ ካለ ቦታ ነው፤ ምክንያቱም በውዱ ዋጋ ገዝቷል። መሬቱም አልረዳውም፤ በስስ አፈር ላይ የተዘራው ጥጥ ፀሐዩና ጎርፉ ተራ በተራ ጨረሱት። በ1922 እርሻውን ከገዛበት በጣም ባነሰ ዋጋ ሸጠ። ወደ ጆንሰን ሲቲ ሲመለስ ዕዳው አብሮት ተመለሰ፤ እስኪሞት አልለቀቀውም። የሚኖርበት ቤት እንኳ ከእጁ እንዳይወጣ የረዱት ወንድሞቹ ናቸው።

ቀኖቹን ልብ በሉ። እርሻውን ያጣው በ1922፣ ታላቁን ሕጉን ያስጸደቀው በ1923 ነው። የሌላውን ገበሬ ገንዘብ ከሌባ የሚያድን ሕግ ይዞ ምክር ቤት ሲቆም፣ የራሱ ስም በሱቆቹ የዱቤ መዝገብ ላይ ሳይከፈል የተቀመጠ ነበር። ከዚያ በኋላ ለምርጫ አልቀረበም።

ከተማው እንዴት እንደተለወጠበት ማሰብ ያሳዝነኛል። ትንሽ ከተማ ውስጥ ዕዳ ምስጢር አይሆንም። ሁሉም ያውቃል፤ ባለሱቁም አጎትህ ወይም የአጎትህ አማች ነው። ትናንት በአደባባይ ቀና ብሎ የሚሄድ፣ ቦት ጫማውና ባርኔጣው የሚያምር፣ ድምፁ የሚሰማ ሰው ዛሬ ዕዳ ያለበት ሱቅ ፊት ለፊት ላለማለፍ መንገድ ይቀይራል። ሲወጣ ያጨበጨቡለት ሰዎች ሲወርድ ድሮም ትዕቢተኛ ነበር አሉት። እኔ ግን ትዕቢቱ ብቻውን ይህን ያህል ዕዳ አላመጣም እላለሁ። ለአገሩ ሰው ከአሥር ዓመት በላይ ነጻ ጉልበት የሰጠ፣ እርሻውን በስብሰባ ሰሞን ለሌላ ትቶ ኦስቲን የከረመ፣ የቀረበለትን ጉቦ የመለሰ ሰው፣ አንድ መጥፎ የጥጥ ዓመት የሚያሻግረው ጥሪት ከየት ሊያመጣ ይችል ነበር?

በመንገድ ሥራ ላይ የተቀጠረው ከዚህ በኋላ ነው። ልጁ ሊንደንም ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት በዚያው መንገድ ላይ በጉልበት ሥራ ሠርቷል። የሠራተኛ አለቃነቱም የፖለቲካ ሹመት ስለነበር አገረ ገዥ ሲቀየር አብሮ ሄደ። በመጨረሻ የግዛቱ የባቡር ኮሚሽን የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ አድርጎ ቀጠረው። ልቡ መድከም የጀመረው በዚያ ጊዜ ነው።

ልጁ የያዘው ሌላ መንገድ

በየካቲት 1937 የኦስቲን አካባቢ የኮንግረስ ተወካይ ጄምስ ቡካናን ሞተ። ሊንደን በሃያ ስምንት ዓመቱ ለማሟያ ምርጫው ቀረበ። ሳም ጤናው የተሟላ ባይሆንም የድሮ ወዳጆቹን ሁሉ ቀሰቀሰ፤ የከተማው ባለሱቆች የነፈጉትን አክብሮት በየኮረብታው ያሉት ሽማግሌዎች አልነፈጉትም ነበር። ሚያዝያ 10 ቀን ሊንደን ከብዙ ተወዳዳሪዎች መካከል አሸነፈ። ሳም በዚያው ዓመት ሐምሌ በልብ ሕመም ወደቀ። ከተማ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ልጁን ወደ ኮረብታዎቹ እንዲወስደው ለመነው፤ እዚያ ሰው ሲታመም የሚያውቅ፣ ሲሞትም የሚያዝን ሕዝብ አለ አለው። ሊንደን ወሰደው። ሳም ጥቅምት 23 ቀን 1937፣ ስድሳ ዓመት ከሞላው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተ። ፔደርናሌስ ዳር ባለው የቤተሰቡ መቃብር ተቀበረ።

ሊንደን ከአባቱ የወረሰው ሰው አያያዙን ነው፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ ስለ ሰብሉና ስለ ታማሚው መጠየቅን። ከአባቱ ያልወረሰው ደግሞ ኪሱ ባዶ ሆኖ መኖርን ነው። ለዚህ ምርጫ ብቻ የሚስቱ አባት 10,000 ዶላር አበድሮታል። በኋላም በሬዲዮ ጣቢያ ሀብታም ሆነ፤ ገንዘቡና ሥልጣኑ እንዴት እንደተያያዙ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው። በዚህ ነገር አባትየው ንጹሕ ነው፤ ልጁን ግን በዚያ ቃል ልጠራው አልደፍርም። ሆኖም ለኮረብታዎቹ የደረሰው ትልቁ ነገር በልጁ እጅ ነው የመጣው።

በ1930ዎቹ አጋማሽ ከአሥር የአሜሪካ እርሻዎች ዘጠኙ ገደማ ኤሌክትሪክ አልነበራቸውም። የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ቤት በተራራቀበት አገር ሽቦ አይዘረጉም፤ አያዋጣንም ይላሉ። ሴቶች ውኃ ከጉድጓድ በባልዲ ይቀዳሉ፣ በእንጨት ምድጃ ላይ በተጋለ የብረት ካውያ ይተኩሳሉ፣ ልጆች በኩራዝ ያጠናሉ። የፌዴራሉ የገጠር ኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤትም ቢሆን በአንድ ማይል ቢያንስ ሦስት ደንበኛ ካልተገኘ አያበድርም ነበር፤ በፔደርናሌስ አካባቢ ያን ያህል ቤት አይገኝም። ሊንደን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ድረስ ሄዶ ደንቡ እንዲላላለት አደረገ። በ1938 የፔደርናሌስ ኤሌክትሪክ ኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ፤ ከ1,800 ማይል በላይ ሽቦ ለ3,000 ለሚጠጉ ቤተሰቦች የሚዘረጋበት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ብድር ተፈቀደ። በ1939 መጨረሻ መብራት ገባ።

ሳም ኦስቲን በነበረበት ዘመን ይህን ማድረግ አይችልም ነበር። የቴክሳስ ምክር ቤት የጥጥን ዋጋ አያዝም፣ ለገበሬ ረጅም ብድር የሚሰጥበት ካዝና የለውም፣ ግድብ አይገነባም። የነበረው ሕግ ማውጣት ብቻ ነበር። አባት የሌባውን እጅ ከገበሬው ኪስ የሚያስወጣበት ሥልጣን ነበረው፤ ወደዚያ ኪስ የሚያስገባው ነገር ግን አልነበረውም። ሥልጣኑና ካዝናው ወደ ዋሽንግተን የዞሩት ሩዝቬልት በ1933 ከመጣ በኋላ ነው። የሁለቱን ሰዎች ልዩነት በችሎታ ብቻ የሚመዝኑ ጸሐፊዎች ይህን የሚዘሉት ይመስለኛል።

የእንደራሴው ክፍያስ? የቴክሳስ መራጮች በ1930 ሕገ መንግሥቱን አሻሽለው ለመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት በቀን 10 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ 5 ዶላር አደረጉት፤ ሳም ያኔ ከምክር ቤት ከወጣ ቆይቷል። በ1975 ደግሞ ደመወዙ በወር 600 ዶላር ሆነ። ስብሰባ ባለበት ጊዜ የቀን አበል ይጨመርበታል፤ ደመወዙ ግን ከዚያ ወዲህ ፈቀቅ አላለም፤ ዛሬም በዓመት 7,200 ዶላር ነው። ምክር ቤቱም ዛሬ ድረስ በመደበኛነት የሚሰበሰበው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። ለዚያ ወንበር የሚቀርቡት ጠበቆች፣ ነጋዴዎችና ሌላ ገቢ ያላቸው ሰዎች መብዛታቸው አይገርመኝም። እንደ ሳም በብድር በገዛው መሬት ላይ የሚያርስ ሰው በዚህ ክፍያ ሁለት ዙር እንኳ የሚቆይ አይመስለኝም።